ነገ እነግራቸዋለሁ ያሉት አባት

እሑድ እሑድ የፉርታዶዎች ቤት ሲስቅ ታች መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ከተዘጋው የክር ፋብሪካ ጀርባ፣ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው በቆሙበት ሰፈር፣ ሁለተኛው ፎቅ የነሱ ነው። ወይዘሮ ዴኦሊንዳ ከቅዳሴ መልስ የጎመን ሾርባውን በቋሊማ ያንተከትካሉ። ልጃቸው ጊል ሚስቱን ሬናታንና የስድስት ዓመቷን ኦዴትን ይዞ ከተፍ ይላል። ካፒቴን አንሰልሞ ፉርታዶ ደግሞ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው፣ በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎት ያጠፉትን እሳት ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና ያቀጣጥሉታል። «ያ የክር ፋብሪካ የተቃጠለ ዕለት…» ብለው ሲጀምሩ ሬናታ ማንኪያዋን ታስቀምጥና፣ «አባባ፣ እሱንማ ባለፈው እሑድ አጥፍተነዋል!» ትላለች፤ ቤቱ በሳቅ ያውካካል። ምን ጎድሏቸው ነበር? ጤና ሞልቶ፣ ፍቅር ተርፎ፣ እህል ውሃ ሳይጓደል! ኧረ ተዉት! ደስታ የምትባል እንግዳ ወንበር ሳትስብ፣ ቆማ በልታ የምትሄድ መሆኗን ማን ነግሯቸው?

ካፒቴን አንሰልሞ ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በሠሩበት የእሳት አደጋ ጣቢያ ግን ስማቸው ሲነሣ ዛሬም ሰው ቀና ብሎ ነው የሚቀመጠው። ከሚነድ ቤት ስድስት ሰው በጀርባቸው አዝለው አውጥተዋል፤ ይህን ማንም አይክዳቸውም። በዚያ ጣቢያ ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ አንድ ልማድ ነበር፤ ጥቀርሻ ማዕረግ ነው። ካፖርትህ የጠቆረ፣ የራስ ቁርህ ያረረ ከሆነ ሰው ነህ፤ ንጹሕ ከሆንክ ገና ጡት አልጣልክም። አዲስ ገቢዎች ከማፈራቸው የተነሣ የራስ ቁራቸውን ተደብቀው የጭስ ማውጫ አፍ ላይ ያጠቁሩት ነበር። እሳቱ ጠፍቶ፣ ግድግዳው እየፈረሰ የተዳፈነው ፍም በሚፈለግበት ሰዓት፣ ያ የማይታይ መርዝ ከየስንጥቁ በሚትጎለጎልበት በዚያ ሰዓት፣ የአየር ጭንብሉን ቀድሞ አውልቆ የሚጥል ጀግና ይባላል። ከሁሉ ቀድመው የሚጥሉትስ ማን ነበሩ? ማን ይሆናል፣ ካፒቴን አንሰልሞ ናቸው እንጂ!

ጊል በሃያ ሦስት ዓመቱ አባቱ ጣቢያ ተቀጠረ። የመጀመሪያውን እሳት ተጋፍጦ በወጣ ማግስት፣ የዋህ ልጅ፣ ካፖርቱን በሳሙና አሽቶ፣ አድርቆ፣ ለሠርግ እንደተጠራ ሰው አንጠልጥሎት መጣ። ያን ቀን አንድ የሶፋ መደብር ተቃጠለ። ጊልን ውጭ ከውሃው ጋር አቁመውት ስለነበር፣ እሳቱ ጠፍቶ ሁሉም ከሰል መስሎ ሲወጣ እሱ ብቻውን ያበራል። ሰዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የካፒቴኑ ፊት ደም መሰለ። «እሳት አመድ ወለደ ልታሰኘኝ ነው?» አሉና ካፖርቱን ከትከሻው ገፈው፣ ገና የሚጨሰው የሶፋ ስፖንጅ ላይ ጣሉት፤ በጫማቸው ረገጡት፤ አገላበጡት። ጥቁር ሆኖ ሲነሣ ራሳቸው በልጃቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉለትና፣ «አሁን የኔ ልጅ መሰልክ!» አሉት። ሰዉ አጨበጨበ፤ ጊልም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት አንድም ልብሱ ሳሙና ነክቶት አያውቅም። ይለብሰዋል፣ ያልበዋል፣ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ጭኖት ቤቱ ይገባል። ኦዴት ከኋላ ወንበር ሆና፣ «አባዬ፣ መኪናችን ጭስ ጭስ ይላል» ስትለው፣ «የጎበዝ ሽታ ነው የኔ ማር» ይላታል።

ሳይነገራቸው ቀርቶ ነው እንዳይባል ተነግሯቸው ነበር። ካፒቴኑ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው፣ ከክፍለ ግዛቱ አንዲት አሠልጣኝ ባልዲና ብሩሽ፣ ሳሙናና ትርፍ የአንገት ጨርቅ አስጭና መጣች። ባሏ እሳት አጥፊ ነበር፤ የቀበረችው በካንሰር ነው። «እሳት እዚያው የሚገድል ብቻ አይምሰላችሁ» አለቻቸው። «ተከትሏችሁ ቤት የሚገባም አለ። ዛሬ የሚነደው እንጨት ብቻ አይደለም፤ ፕላስቲክ ነው፣ ስፖንጅ ነው፣ ቀለም ነው። ጥቀርሻው በላብ በተከፈተ ቆዳ፣ በአንገትና በመንጋጋችሁ በኩል ይሰርጋል። ካንሰር ነው ወንድሞቼ። መኪና ላይ ሳትወጡ እዚያው ታጠቡ። ጭንብላችሁን እስከ መጨረሻው አታውልቁ። በዓመት አንዴ ተመርመሩ።» ሰው ሁሉ ወደ ካፒቴኑ አየ። እሳቸውም ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው፣ «እመቤት፣ እኛ እሳት አጥፊ እንጂ ልብስ አጣቢ አይደለንም። ከእሳት ወጥቶ ሐኪም ቤት የሚሮጥ ካለ ቀሚስ ይልበስ!» አሉ። አቤት ሳቁ! ሴትዮዋ እንባዋን ውጣ ሄደች። ባልዲዎቹም ለበጋው ሽርሽር የሚበላ የባሕር ዛጎል መዘፍዘፊያ ሆኑ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያቺን ቃል ማን ሮጦ ይመልሳት?

አንድ ዓመት መኸር ላይ ጊል ጢሙን ሲላጭ ከመንጋጋው ሥር የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ዳሰሰ። «ጥርስ ነው» አለ። ወር ቆይቶ ድምፁ ጎረነነ። «ጉንፋን ነው» አለ። ሬናታ እጁን ጎትታ ቦስተን ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ጉሮሮውን አይታ፣ «ሲጋራ ታጨሳለህ?» ብትለው በከንፈሩ ነክቶት አያውቅም። «ሥራህስ ምንድን ነው?» «እሳት አጥፊ» ሲላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር… ሠላሳ ስድስት! በታኅሣሥ ጉሮሮውን ከፈቱት፤ ማንቁርቱን አወጡት፤ አንገቱ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ሰጡት። ያ የጣቢያውን ወጥ ቤት በቀልድ የሚያደምቅ ልጅ፣ ያ ኦዴትን በመኝታዋ በተረት የሚያስተኛ አባት፣ ከዚያ በኋላ አፉን ቢከፍት ነፋስ ብቻ ሆነ። አንዲት ትንሽ ነጭ ሰሌዳና ጥቁር ብዕር ገዙለት። ኦዴት አያቷ ጉልበት ላይ ወጥታ፣ «አያዬ፣ የአባዬን ድምፅ የት አስቀመጡት? ሄደን እናምጣለት?» አለቻቸው። ካፒቴኑ ፀጉሯን ደባበሱና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

መጋቢት ላይ ሬናታ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን አወቀች። እንኳን ደስ አለሽ ይባል ወይስ አብሮ ይለቀስ? በዚያው ሳምንት ጊል አባቱን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣቸውና ሰሌዳው ላይ ጻፈ። «ብሬንዳን ድምፁ ጎርንኗል።» ብሬንዳን ታይ ማለት በአንድ ቀን አብሮት የተቀጠረ፣ አንዱ የውሃውን ጎማ ከፊት ሲይዝ ሌላው ከኋላ የሚይዝ፣ ከወንድም የማይተናነስ ጓደኛው ነው። ጊል ሰሌዳውን አጥፍቶ ደገመ። «እንዲመረመር መልእክት ላክሁበት። ምን አለኝ መሰለህ? ‹ጉንፋን ነው፤ አባትህ ሠላሳ ዓመት ጭስ በልተው ይኸው እንደ በሬ ናቸው› አለኝ።» ካፒቴኑ ሊስቁ ሞከሩ። ጊል አልሳቀም። እንደገና አጥፍቶ፣ ቀስ እያለ ጻፈ። «እኔን ያዝኑልኛል እንጂ አይሰሙኝም። የዕጣው ጽዋ ናት ብለው ያልፉኛል። አንተን ይሰሙሃል። ይታጠቡ በላቸው። ይመርመሩ በላቸው። ድምፅ የለኝም አባዬ፤ ድምፅህን ስጠኝ።»

ካፒቴን አንሰልሞ ከአጠገቡ ተነሡ። «ነገ» አሉ። «ነገ እነግራቸዋለሁ ልጄ።»

ያ ነገ ግን አልነጋም። ማግስቱን ዝናብ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ተረኞቹ የብሬንዳን ሰዎች አይደሉም አሉ። ፋሲካ ደረሰና፣ በዓል ላይ እንዲህ ያለ ወሬ አይወራም አሉ። አንድ ቀን እንደምንም ጣቢያው በር ድረስ ሄዱ። እጃቸውን ወደ በሩ ሲሰዱ ከውስጥ ሳቅ ሰሙ፤ አንዱ የሳቸውን ጀብዱ ለአዲስ ገቢዎች እያወራ ነው፤ «አለቃ አንሰልሞ ጭንብሉን እንዲህ ወርውሮት…» ይላል። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዞሩና ከዳቦ ቤቱ ጣፋጭ ዳቦ ገዝተው ወደ ቤት ገቡ። ጊል ሰሌዳውን አነሣ፤ «ምን አሉ?» «ጥሪ ወጥተው ነበር፤ አላገኘኋቸውም» አሉት። ከእሳት ፊት ያልሸሸ ሰው ከአንዲት በር ሸሸ! ለምን? ፍርሃታቸው ሌላ ነበር። ጥቀርሻው ይገድላል ብለው አፋቸውን የከፈቱ ቀን፣ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለታቸው ነው። ዝም እስካሉ ድረስ ግን በሽታው ከደም የመጣ ነው፣ ከውሃው ነው፣ ከእግዚአብሔር ነው… የማንም አይደለም። ይህችን ዝምታ ይዘው ነበር እንቅልፍ የሚወስዳቸው፤ ለዚያውም ሲወስዳቸው።

ግንቦት ላይ በሽታው ሳንባና ጉበቱን እንደያዘ ተነገራቸው። ሐኪሟ ከዚህ በኋላ ቤቱ ይሻለዋል አለች። አልጋው በእናቱ ቤት ሳሎን፣ መንገድ በሚያሳየው መስኮት ሥር ተዘረጋለት። ያ ደረቱ በር የሚያህል ወጣት አጥንቱ ይቆጠር ጀመር። የሬናታ ሆድ በየቀኑ ይገፋል፤ እሱ በየቀኑ ይጎድላል። መዳፉን ሆዷ ላይ አስቀምጦ ሲውል አይተው ወይዘሮ ዴኦሊንዳ ወጥ ቤት ገብተው አፋቸውን በፎጣ አፍነው አነቡ። ከዚያ ወጡና ባላቸውን ደረጃው ላይ አገኟቸው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ናቸው።

«አንተ ሰውዬ!» አሏቸው። «ስድስት ሰው ከእሳት አውጥተሃል። ስማቸውን እንኳ የማታውቀው የሰው ልጆች። የገዛ ልጅህ ከአንድ ቃል በቀር ምን ለመነህ?»

«ዴኦሊንዳ፣ ነገ…»

«ነገ አትበለኝ! ነገ የሚባል ቤታችን ውስጥ ስንት ቀረ? ቁጠርልኝ እስኪ!»

ካፒቴኑ ደረጃው ላይ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። በማን ይቆጡ?

በሐምሌ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በፊት፣ ሬናታ ኦዴትን ይዛ መድኃኒት ቤት ሄዳለች፤ ወይዘሮ ዴኦሊንዳ ልብስ እያሰጡ ነው። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ካፒቴኑ ጊልን በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሱት፣ ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ቆዳ ሲያብሱት፣ ድንገት አልጋው ሥር ተንበረከኩ። «ልጄ» አሉ፣ «ያን ካፖርት… የሶፋው መደብር የተቃጠለ ቀን… ታስታውሰዋለህ?»  ጊል ሰሌዳውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። «እንዴት እረሳዋለሁ?» ካፒቴኑ አንገታቸውን ደፉ፤ እርግማን ጠበቁ፤ እርግማኑን ፈልገውት ነበር። ጊል በመዳፉ አጠፋና ጻፈ። «በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።» አጠፋና ጻፈ። «አሁን የኔ ልጅ መሰልክ አልከኝ።»

ወይ የአባት አንጀት! ካፒቴን አንሰልሞ እንደ ሕፃን አነቡ። ተረግመው ቢሆን ኖሮ ይችሉት ነበር። ልጃቸው ግን የሞቱን ካፖርት ከአባቱ እጅ እንደ በረከት ተቀብሎ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ተመክቶበት ለብሶት ኖሯል! ጊል የአባቱን ራስ ዳሰሰ። ከዚያ ብዕሩን ለመያዝ ሁለት ጊዜ ሞክሮ በሦስተኛው፣ በተጣመመ ፊደል፣ «ብሬንዳን። ዛሬ» ብሎ ጻፈ።

ካፒቴኑ ኮፍያቸውን እንኳ ሳያነሡ ወጡ። ጣቢያው በር ላይ አልቆሙም። ሰዎቹ ከጧት እሳት ተመልሰው ምሳ ላይ ነበሩ፤ አንድ የቀለም መጋዘን ነድዶ ኖሮ አንገታቸው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፤ እጃቸውን ብቻ ታጥበው እየበሉ ነው። «አለቃ! አለቃ መጡ! ወንበር!» ተባለ። አልተቀመጡም።

«ስሙኝ» አሉ። «አንድ ቀን እዚህ ቤት አንዲት ሴት መጥታ እውነት ነግራን ነበር። ሳቅሁባት። እናንተም እኔን አይታችሁ ሳቃችሁ። ጊልን የጣለው ይኼ አንገታችሁ ላይ ያለው ነው። ካፖርቱን በእግሬ አመድ ውስጥ ያሸሁት እኔ ነኝ፤ አይታችኋል። አጨብጭባችኋል። ጥቀርሻ ማዕረግ አይደለም። መርዝ ነው። እዚያው ታጠቡ። ጭንብል አታውልቁ። ሐኪም ጋ ሂዱ። ፈሪ ይሏችኋል፤ ይበሏችሁ! እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ለመናገር ከመጋቢት እስከ ሐምሌ የፈጀሁ ፈሪ…»

 ከጠረጴዛው ጫፍ ሥጋውን ወደ ጎን ገፍቶ መረቁን ብቻ ይጠጣ የነበረ ሰው ተነሣ፤ ብሬንዳን ነው። መጣና የካፒቴኑን እጅ ይዞ ከመንጋጋው ሥር አስቀመጠው። እዚያ፣ በጣታቸው ጫፍ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያክል ጠንካራ ነገር ዳሰሱ። ካፒቴኑ እጃቸውን ሳያነሡ ጠየቁት።

«መቼ ነው የጀመረህ?»

«መጋቢት ላይ ትንሽ ነበረች አለቃ» አለ ብሬንዳን፣ በዚያ በጎረነነ ድምፁ። ሊቀልድ ፈለገ፤ አልሆነለትም። «በየቀኑ ሐኪም ጋ ልሄድ እነሣና… ቀሚስ ልበስ የሚሉኝ እየመሰለኝ እቀመጣለሁ። አንድ ቃል እርስዎ ቢሉኝ ኖሮ በዚያው ቀን ነበር የምሄደው።»

ወዲያው ደወሉ ጮኸ። የመኖሪያ ቤት እሳት ነው፤ ሰው ውስጥ አለ። ወንዶቹ ብድግ ብድግ አሉ፤ ከጧቱ ያልደረቀውን ጥቁር ካፖርት እያነሡ፣ በዚያው በጠቆረ አንገታቸው ላይ ይቆልፉት ጀመር። «ቆዩ!» አሉ ካፒቴኑ እጃቸውን ዘርግተው። «ቢያንስ አንገታችሁን…» «አለቃ፣ ሰው እየነደደ ነው» አለ አንዱ በትሕትና፣ አለፋቸውም። ምን ይበል? እሳቸውም በሱ ቦታ ቢሆኑ ይህንኑ ይሉ ነበር። ብሬንዳንም ካፖርቱን ለበሰ። «አንተ እንኳ ቅር!» ብለው ክንዱን ያዙት። «ጎማውን ከኋላ የሚይዝ የለም አለቃ» አላቸውና ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። መኪናው እየጮኸ ወጣ። ካፒቴኑ ባዶው ጣቢያ መሐል ቆመው ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ሬናታ ናት። «አባባ፣ ይምጡ… ቶሎ ይምጡ።»

ሲደርሱ ቄሱ አባ ሞኒዝ ለሚሞት ሰው የሚቀባውን ቅዱስ ቅባት ቀብተውት ጨርሰዋል። ወይዘሮ ዴኦሊንዳ የልጃቸውን እግር ይዘዋል፤ ኦዴት ጥግ ላይ ጫማዋን እያየች ቆማለች። የጊል ዓይን በሩ ላይ ነበር፤ አባቱን ሲያይ ሰሌዳውን ፈለገ። ሬናታ ያዘችለት። «ነገርካቸው?» «ነገርኳቸው ልጄ» አሉ ካፒቴኑ አጠገቡ ወድቀው። «ሁሉንም ነገርኳቸው። ይታጠባሉ። ምለውልኛል።» ማን ማለ? ማንም! ጊል ግን ፊቱ በራ። ብዕሩን በጭንቅ ገፍቶ አንድ ስም ጻፈ። «ብሬንዳን?»

ሁሉም ወደ ካፒቴኑ አየ። ምን ይበሉት? ጣታቸው ጫፍ ላይ ያ ጠንካራ ነገር ገና አለ። እውነቱን ነግረውት በሐዘን ይሂድ? ዋሽተውት በሰላም ይሂድ? በሕይወታቸው ሙሉ ዋሽተው የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ በመጨረሻው ዓመት ግን ከልጃቸው ጋር ያወሩት ውሸት ብቻ ሆነ።

«ብሬንዳን ደህና ነው» አሉ። «ተመርምሯል። ምንም የለበትም። ጉንፋን ነው።»

ጊል ጻፈ፤ «ተመስገን።» እጁ ብዕሩን ለቀቀ። ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ የሬናታን ሆድ በአንድ እጁ፣ የአባቱን ጣት በሌላው እንደያዘ፣ በዚያች አንገቱ ላይ ባለች ቀዳዳ የመጨረሻ ትንፋሹን አወጣ።

ቀብሩ የጀግና ቀብር ነበር። ከአምስት ከተማ እሳት አጥፊዎች መጡ፤ ሣጥኑን በእሳት አደጋ መኪና ጭነው ወሰዱት፤ በሣጥኑም ላይ ክብሩ ነውና ያረረውን የራስ ቁር ከነጥቀርሻው አስቀመጡበት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ በሐምሌ ሙቀት የሸሚዙን ኮሌታ እስከ ጉሮሮው የቆለፈው ብሬንዳን ነበር። አባ ሞኒዝ በስብከታቸው፣ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ፤ ፈቃዱ ነው» ሲሉ ካፒቴን አንሰልሞ ከፊተኛው ወንበር ተነሡ። «አይደለም አባ!» ብለው ጮኹ። «በእግዚአብሔር አታመካኙ! እኔ ነኝ! በነዚህ እግሮቼ ነው!» ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁለት የድሮ ባልደረቦቻቸው መጡና ትከሻቸውን አቅፈው፣ «አይዞዎት አለቃ፣ ሐዘን ነው፤ ሐዘን ያናግራል» እያሉ በፍቅር አስቀመጧቸው። ያንን ሁሉ ወር የፈሩትን ቃል በሺህ ሰው ፊት አወጡት፤ አንድም ሰው አላመናቸውም።

ብሬንዳን በማግስቱ ሐኪም ጋ ሄደ። ሐኪሙ የአንገቱን ራጅ አይቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፤ «ከአራት ወር በፊት የት ነበርክ?» በሚቀጥለው የካቲት ከጊል ጎን ተቀበረ። ጣቢያው ለሁለት ሳምንት ያህል መኪናው አጠገብ ይታጠብ ነበር አሉ። ከዚያ ብርድ መጣ፣ ውሃው በረዶ ሆነ፣ ብሩሹም የሆነ ቦታ ቀረ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ ልማድም እንዲሁ ነው።

ጊል በሞተ በሁለት ወሩ፣ መስከረም ላይ፣ ሬናታ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። የጣቢያው ሰዎች ዳቦና ወይን ይዘው፣ ደረጃውን እያናወጡ ወጡ። ሕፃኑን ከእናቱ ተቀብለው ካፒቴን አንሰልሞ ክንድ ላይ አደረጉላቸውና፣ «እንኳን ደስ አለዎት አለቃ! የጊል ምትክ፣ እሳት አጥፊ ተወለደ!» ብለው አጨበጨቡ። ካፒቴኑ ሕፃኑን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ማንም እንዳይነካባቸው ወደ ግድግዳው ዞሩና አለቀሱ። እንግዶቹ፣ «የደስታ እንባ ነው» ተባባሉ።

እኛስ? እኛም እንዲህ ነን። የማንችለውን ሁሉ ዕጣ ፈንታ ነው፣ ጽሕፈት ነው እንላለን። ዕጣማ ምን በደለች? ዕጣ አሠልጣኝ ልካ ነበር፤ ሳሙና ልካ ነበር፤ አራት ወር ሙሉ በየማለዳው አንዳንድ ነገ ትሰጥ ነበር። የሰው ልጅ ግን ከእሳት ይልቅ መሳቂያ መሆንን ይፈራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉ ለውሻውም ማዘን ነው፤ ጩኸቱ እውነት ነበር፣ ሰሚ ግን አልቀረለትም። ካፒቴን አንሰልሞ ዛሬም በሕይወት አሉ። ሐኪሞቹ በየዓመቱ ይመረምሯቸውና ጤነኛ ነዎት ብለው ይሰዷቸዋል።